የተከዜ ዓሣ ለዝንብ በሏ ተክል

የአባቴ አሟሟት ሲነሳ «ሳንባቸውን ታመው ነው» እላለሁ። ሐሰት አይደለም። ሙሉው ነገር ግን ከሦስት የሸክላ ማሰሮዎችና ከአንድ እንግዳ ተክል ነው የሚጀምረው፤ ይህን ለገዛ ልጆቼም በቅጡ ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ሰባ ዓመት አልፎኛል፣ ዝምታውም ሰልችቶኛል። አንብባችሁ ብትፈርዱብኝ አልቀየማችሁም፤ በፍርዱስ እኔ ቀድሜያችኋለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከሰቆጣ ኮረም ለመውረድ በቅሎ መጫን ግድ የሚልበት ጊዜ። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሰቆጣ ከተማ ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ፋሻ አጥባለሁ፣ ቁስል እጠርጋለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገኝ አባቴ ቄስ ካሳዬ ነው። ዳዊት ያስደገመኝም እሱ ነው። በዚያን ጊዜ ዳዊት የደገመች ሴት ልጅ በአገራችን በጣት የምትቆጠር ነበረችና ኩራቴ አይጣል ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል፤ ሲያማኝ ደግሞ እንቅልፍ አጣለሁ። ይህንን ጠባዬን ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቱ ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው።

የክሊኒኳ ኃላፊ ከባሕር ማዶ የመጣች ነርስ ነበረች። ስሟን ለመጥራት ምላሳችን ስላልታዘዘልን ሁላችንም «ሲስተር» እንላት ነበር። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ አማርኛዋ ሰባራ ቢሆንም አንጀት የሚያርስ ሴት ናት። ሊና የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረቻት። ሊና ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት በነበረው ክረምት በንዳድ ሞተች፤ ግቢው ውስጥ ከወይራው ሥር ቀበርናት።

ዝንብ በሏን የዘራቻት ሊና ነበረች። ዘሩ ከአገራቸው በፖስታ ተልኮላት፣ በብርጭቆ አብቅላ፣ ኋላ ወደ ሦስት ማሰሮዎች ያዛወረቻት እሷ ናት። ቅጠሏ እንደ ሌላ ቅጠል ጠፍጣፋ አይደለም፤ ተጠቅልሎ እንደ ቀንድ ዋንጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አፉ ላይ እንደ ደም ሥር ያለ ቀይ መስመር የሞላበት ክዳን አለው፤ ውስጡ ውኃ ያቁራል። ዝንብ ጣፋጩን ልትልስ አፉ ላይ ታርፍና ተንሸራታ ትገባለች፤ የገባች አትወጣም። ገበያተኛው ክሊኒክ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነበር። አንዱ ገበሬ «ቅጠል ሥጋ ከበላማ ፍየሌም ነገ ትቀድሳለች» ብሎ በረንዳውን በሳቅ ሞልቶታል።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ አባቴ ደም ያለበት ሳል ጀመረው። ሲስተር መረመረችውና የሳንባ ነቀርሳ ነው አለች። ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት መርፌ።

«ቄስ፣ አንድ ቀን እንኳ አይቀርም» አለችው። «ከቀረ በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል። ከዚያ መድኃኒት የለኝም።»

«እኔ ሁዳዴን ሳልዘል የምጾም ሰው ነኝ ሲስተር፤ መርፌሽን እዘላለሁ?» አለ አባቴ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳሉ ቀነሰለት፤ የፊቱም ወዝ ተመለሰ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሲስተር ዓይኗን ለመታከም ወደ አስመራ ተነሳች። መርፌውን ድሬሰሩ፣ የክሊኒኳ አስታማሚ፣ እንዲወጋ አዘዘች። ዝንብ በሏን ግን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። በረንዳው ላይ ሦስቱን ማሰሮዎች አስቆጠረችኝ።

«የዝናብ ውኃ ብቻ» አለችኝ። «የምንጭ አይሆንም። በርሜሉ ውስጥ ያለው ይበቃሻል።»

«ምግብስ?»

«ምግቧን ራሷ ታጠምዳለች። ይቺ በድሃ መሬት የምትኖር ናት፤ አፈሯ ላይ ማዳበሪያ አትወድም። ምንም አትጨምሪ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

አንዱን ክዳን በጣቷ ነካ አደረገችና «የሊና እጅ የነካው፣ እስካሁን የሚያድግ፣ ሌላ ነገር የለኝም» አለችኝ። ከዚያም «ስመለስ አስመራ ነርስ ትምህርት ቤት እንድትገቢ ደብዳቤ እጽፋለሁ» ብላኝ በቅሎዋ ላይ ወጣች።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ግቢውን የምትጠርገው እትዬ ጥሩ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቅ እያለች መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ የቄስ ልጅ ሆነሽ በሁዳዴ ሥጋ ታበያለሽ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ውኃ የወረደው ሁሉ ነዋ። ዝንብስ ቢሆን ደም የላትም እንዴ?»

ቀልድ ነበር። እሷ ወዲያው ረሳችው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት እንደተነሳሁ ካጠብኩት ፋሻ ቀድጄ የዋንጫዎቹን አፍ አንድ በአንድ ሸፍኜ አሰርኳቸው። ዝንብ በሏን አስጾምኳት ማለት ነው። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን አንዳች ጽድቅ የሠራሁ ያህል ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች አጫጭርና ገረጣ ያሉ ሆኑ። ደነገጥኩ። አባቴ ለመርፌው ሲመጣ እጁን ይዤ በረንዳው ላይ አወጣሁት።

«ምን ነካት?» አለ ጎንበስ ብሎ። «ይህ ፋሻስ ምንድን ነው? ቆስላለች?»

«ጾም ላይ ናት።»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ልጄ፣ ጾም ለሰው ነው የተሠራው። ለቅጠል ማን ቀኖና ሰጠ?»

«ሰው እኮ ያማናል፤ ‹የቄስ ካሳዬ ልጅ በሁዳዴ ሥጋ ታበላለች› እያሉ ነው። እርስዎንም ጭምር እኮ ነው አባባ።»

ይህን ስለው ሳቁን አቆመ። አባቴም እንደኔው ሰው ያለውን የሚሰማ ሰው ነበር፤ ልጅ ከአባቷ ካልወረሰች ከማን ትወርሳለች? ጺሙን እየዳሰሰ ትንሽ አሰበ።

«እንግዲያው ዓሣ ነው መላው» አለ። «በዓሣ ነገር እንኳን መሃይሙ ሊቃውንቱም አልተስማሙ። አንዱ የጾም ነው ይላል፣ አንዱ አይደለም ይላል። ክርክራቸውን እስኪጨርሱ እሷ ትብላ። በዚያ ላይ የእኛ ሰዎች ተከዜ ዳር የዓሣ ጭንቅላትና አንጀት ከዱባ ሥር ይቀብራሉ። ዱባው ሰው አይሸከመውም።»

አባቴ ተወላጅነቱ አበርገሌ ነው፤ ከኒሯቅ ወዲያ፣ ወደ ተከዜ በሚወርደው ቆላ። ዘመዶቹ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በፀሐይ ያደርቃሉ።

አንድ ነገር አልነገርኩትም። ሲስተር «ምንም አትጨምሪ» ማለቷን አልነገርኩትም። ረስቼው አልነበረም። ስትመለስ ለምልማ ብታገኛት እንዴት ደስ እንደሚላት፣ ያ ደብዳቤ እንዴት ባለ ቃል እንደሚጻፍ አስቤ ዝም አልኩ።

አባቴ ለድሬሰሩ «ቆላ ዘመድ ሞቶብኝ ለቅሶ ልደርስ ነው» ብሎ ወረደ። በዚያ ሙቀት፣ በባዶ ሆዱ፣ ሁለት ቀን ወርዶ ሁለት ቀን ወጣ። አንድ ቀን ደግሞ እዚያው ዋለ። አምስት መርፌ ቀረበት ማለት ነው። ሲመለስ እግሩ አብጧል፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን ደረቅ ዓሣ ደረጃው ላይ አስቀምጦ «ይኸው ለእመቤትሽ ቀለብ» ብሎኝ ተቀመጠ። ሽታው ድመቶቹን ሁሉ ሰበሰበ።

ዓሣውን በቅል ውስጥ ዘፈዘፍኩት። በሦስተኛው ቀን ውኃው ቡና መሰለ። ያን ውኃ በሦስቱም ማሰሮ አፈር ላይ አፈሰስኩ። አባቴ ከደረጃው ላይ ሆኖ «ቀስ፣ ጥቂት ጥቂት» ይለኝ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ደገምኩት፤ ጥቂት ከረዳት ብዙ የበለጠ ይረዳታል ብዬ። በየሁለት ቀኑ አፈሰስኩ። ፋሻውንም እየፈታሁ የዓሣ ፍርፋሪ ዋንጫዎቹ ውስጥ እየጨመርኩ መልሼ አሰርኩ።

በአምስተኛው ቀን አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ወጣ። ለመለመች ብዬ እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። በሰባተኛው ቀን አረንጓዴው ላይ ነጭ ሻጋታ በቀለ። ዋንጫዎቹ ከውስጥ ወደ ውጭ እየጠቆሩ ሄዱ። አንዱን ሳብ ባደርገው ከነሥሩ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩ ጥቁርና ልፍስፍስ ነው። ያን ጊዜ ፋሻውን በጣጥሼ ጣልኩ። ዓሣውን አጥቤ ላስወጣ ብዬ የበርሜሉን የዝናብ ውኃ ቀድቼ አፈሰስኩ፣ ደግሜ አፈሰስኩ፤ በርሜሉ ተንጠፈጠፈ። ሰማዩን አያለሁ፤ ደመና የለም። ማታ ማታ አንድ መዝሙረ ዳዊት ሳላስታጉል እደግምላት ነበር። ለተክል ዳዊት የደገመች ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። በሆሳዕና ማግስት የመጨረሻዋ ቅጠል ማሰሮው ጠርዝ ላይ ተጋደመች።

ሲስተር የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደረሰች። አዲስ መነጽር አድርጋለች። በሽተኞች በረንዳው ሥር ተሰልፈዋል፤ አባቴም ከመካከላቸው ነበር። ከበቅሎዋ ወርዳ የአንዳችንንም ሰላምታ ሳትመልስ ቀጥ ብላ ወደ ማሰሮዎቹ ሄደች። ጎንበስ አለች። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከታ አሸተተችው።

«ዓሣ» አለች። ዞር ብላ አየችኝ። «ማን ነው?»

ከአፌ የወጣው «ዓሣውን ከተከዜ ያመጡት አባባ ናቸው» የሚል ነው።

አንዲት የሐሰት ቃል የለበትም።

አባቴ ከሰልፉ ተነስቶ ወደ እኔ ቀረበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አትንኪ ብላሽ ነበር?» አለኝ። መሬት መሬት አየሁ። መልሱ ገባው። ነጠላውን አደግድጎ ሲስተር ፊት ቆመ።

«እኔ ነኝ ሲስተር» አለ። «ልጄ ተይ ተብያለሁ ብላኝ ነበር። በማን አለብኝነት እኔው ነኝ ያፈሰስኩት።»

ካህኑ አባቴ፣ በሕማማት ሳምንት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ለእኔ ሲል ዋሸ። እኔም ዝም አልኩ።

ሲስተር አልጮኸችም። «ቄስ» አለች፣ «ልጄን አሁን ሁለተኛ ቀበርኳት»። ገብታ በሩን ዘጋች። አባቴ የዚያን ቀን መርፌውን ሳይወጋ ወደ ቤቱ ሄደ።

ማታ ቤት ስገባ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብቻ አለኝ።

«ደስ እንዲላት ብዬ ነው።»

«እሺ። ሕማማት ነው፤ አሁን ኑዛዜም ፍትሐትም የለም። ለጊዜው በእኔ ላይ ይደር። ከፋሲካ በኋላ አንቺው ትነግሪያታለሽ፤ እኔም አብሬሽ እቆማለሁ። እስከዚያ ግን እዚያ ግቢ እግሬ አይረግጥም፤ ዋሽቼ የቆምኩበት ቦታ ነው።»

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። በየጠዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እወጣለሁ፤ ያቺ ሴት ባዶ ማሰሮዎቹን ሳትጥል በረንዳው ላይ እንደተወቻቸው ሳይ አንደበቴ ይታሰራል። ደብዳቤው ሳይጻፍ ይቀራል ብዬም እፈራለሁ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

አንድ ቀን ሲስተር ጠራችኝ። «አባትሽ ለምን አይመጣም? መርፌው አላለቀም። አልተቆጣሁም በይው።»

ቤት ገብቼ «መርፌዎ አላለቀም ትላለች» አልኩት።

«ነገርሻት?»

«ገና ነኝ።»

«እሷስ፣ አሁንም ታዝናለች?»

«ታዝናለች» አልኩት። እውነት ነው፣ ታዝን ነበር። «አልተቆጣሁም» ማለቷን ግን ዋጥኩት፤ ብነግረው ሄዶ ያገኛታል፣ ካገኛት ነገሩ ይወጣል ብዬ።

«እንግዲያው አንቺ የተናገርሽ ቀን እሄዳለሁ» አለ። ሳሉ ቀሎት ስለነበር እሱም እኔም ጊዜ ያለን መሰለን።

ግንቦት ላይ ሲስተር እንደገና ጠየቀችኝ። «እኔው ቤቱ ልሂድ?» አለችኝ።

«የለም፣ ኒሯቅ ወርደዋል። ደህና ናቸው» አልኳት። ይህችኛዋ የለየላት ውሸት ናት። ያን ጊዜ አባቴ ቤቱ ተቀምጦ ዳዊት ይደግም ነበር።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዝናቡ ይወርዳል፤ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ነጠላው ፊት ለፊቱ በደም ርሷል። ወደ ክሊኒኩ ተመልሼ ሮጥኩ። ጭቃው እግሬን እየያዘኝ ወድቄ ተነሳሁ። ሲስተር ክፍል ገብቼ ሳልቀመጥ ሁሉንም አወረድኩት፦ ፋሻውን፣ «ምንም አትጨምሪ» ማለቷን አለመንገሬን፣ ያፈሰስኩት እኔ መሆኔን፣ ኒሯቅ አለመውረዱን። ግማሽ ሳልደርስ ቦት ጫማዋን እያጠለቀች ነበር።

«ይህን ኋላ ትነግሪኛለሽ» አለች። «አሁን የት ነው?»

በዚያ ዝናብ መጣች። መርፌውን እንደገና ጀመረችለት። ከዚያ በኋላም በየቀኑ እየመጣች ወጋችው። ግን እንዳለችው ነው የሆነው፤ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶታል።

አንድ ቀን ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ «አባባ፣ ነገርኳት» አልኩት።

«ምን አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም። ቦት ጫማዋን አጠለቀች።»

ድምፅ ሳያወጣ ሳቀ። «ይህን ብቻ?» አለ። «እኛ ደግሞ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራነው?» «እኛ» አለ፤ እሱ እኮ የፈራው ነገር አልነበረም። በፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ አረፈ።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፣ ንስሐም ተቀብያለሁ። ሲስተርም ይቅር ብላኛለች፤ ደብዳቤውንም ጽፋልኛለች። ነርስ ሆኜ ሠላሳ ስንት ዓመት ሠራሁ። በእነዚያ ዓመታት የተማርኩትን ጠይቁኝ ብትሉ ትልቅ ነገር የለኝም። ሰውን የሚጎዳው ለአባቴ «ታዝናለች» ብዬ እንደነገርኩት ዓይነት እውነት ነው፤ ግማሹ ተነግሮ ግማሹ የተዋጠ። ውሸት ቢሆን አባቴ ይነቃብኝ ነበር። እናንተም የምትናገሩት ነገር ካላችሁና የሚሰማችሁ ሰው ዛሬ ቤቱ ካለ፣ ፋሲካን አትጠብቁ። እኔ ለእናንተ የምመክር ሰው አይደለሁም፤ ግን ከልቤ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የአባቴ አርባ በወጣ በሳምንቱ ሲስተር ወደ መድኃኒት ክፍሉ ጠራችኝ። ቁም ሣጥኑን ከፈተች። የተረፉት የአባቴ መርፌዎች ተደርድረዋል፤ ሣጥኑ ላይ «ቄስ ካሳዬ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውጭ አንድ ከአበርገሌ የመጣ ገበሬ ተቀምጦ ያስላል።

«ያው በሽታ ነው» አለችኝ። «አንቺ ውጊው።»

«አልችልም ሲስተር። የአባባን መድኃኒት አልችልም።»

«ሰውየው ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው።»

ወጋሁት። በማግስቱም፣ በሰልስቱም ወጋሁት። የአባቴ ሲያልቅ ከአዲሱ ቀጠልኩለት፤ አንድም ቀን አላስቀረሁበትም። ሁለት ወር ሲሞላ ሳሉ ጠፋ፣ ሥጋ አወጣ። ሊሄድ ሲል እኔን ለመሰናበት በረንዳው ድረስ መጣ።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?» አለኝ።

«የቄስ ካሳዬ።»

«አላውቃቸውም። እንዲህ ያለች ልጅ ላሳደጉ አባትሽ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ሞተዋል ማለት ነበረብኝ። ሰውየው መንገደኛ ነው፣ ከፊቱ የሁለት ቀን ጉዞ አለበት፤ ምርቃቱን ላበላሽበት አልፈለግሁም። «አሜን» አልኩት።